የናፍጣ ባቡር ታሪክና ለእኛ ያለው ትምህርት



በየካ በኩል ወደ እንጦጦ ዳገት ወጥቶ ቁልቁል የተመለከተ ሰው ከእግሩ ሥር ባሕር ዛፉን፥ ከባሕር ዛፉ በታች ሠፈሮቻችንን፥ ከዚያም አልፎ በመገናኛ በኩል ወደ አያት የሚዘልቀውን የከተማ ባቡር መንገድ ያያል። ዓይኑን ወደ ከተማው መሐል መለስ ቢያደርግ ደግሞ አሮጌው የለገሃር ጣቢያ በረጃጅም ሕንፃዎች ተከቦ ይገኛል። ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ የምድር ባቡር ታሪካችን መጀመሪያ፥ ሌላው የዘመናችን ሥራ ነው። እኔ በልጅነቴ ከዚህ ዳገት ላይ ቆሜ የለገሃርን ባቡር ጩኸት ለመስማት ብሞክር አልሰማሁም፤ ከጆሮዬ ርቀት የተነሣ ሳይሆን ባቡሩ ዝም ካለ ቆይቶ ስለ ነበረ ነው።

ይህ ዝምታ ያሳሰበኝ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ጀርመን ሎኮሞቲቮች የሚናገር አንድ መጽሐፍ ካገኘሁ በኋላ ነው። በናፍጣ የሚሠራ ባቡር እንዴት እንደ ተወለደ፥ በጀርመን አገር እንዴት እንደ ጠነከረ፥ በእኛ አገር ደግሞ እንዴት እንደ መጣና እንደ ደከመ አነጻጽሬ ለመጻፍ አሰብሁ። የአገራችንን ነገር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፌአለሁ፤ የውጭውን ግን እ.ኤ.አ. በማለት ለይቻለሁ።

የምድር ባቡራችን ታሪክ የሚጀምረው ከለገሃር ሳይሆን ከእንጦጦ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከተማቸውን በእንጦጦ ላይ አድርገው በነበረ ጊዜ ብርዱ ከባድ ነበር፤ ማገዶም እየራቀ ሄደ። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከዳገቱ በታች ስትቆረቆር የማገዶው ችግር ከተማዋን ተከትሎ ወረደ። ባሕር ዛፍ ከውጭ መጥቶ ባይተከል ኖሮ ከተማዋ ወደ አዲስ ዓለም ልትዛወር ታስቦ እንደ ነበረ በታሪክ ይነገራል። ማገዶ ከተማን የሚያዛውር ከሆነ፥ ከባሕር እስከ ደጋ ለሚጓዝ ባቡር ምን ያህል ትልቅ ጉዳይ እንደሚሆን አንባቢ ይገምት።

በዚያ ዘመን ከባሕር ጠረፍ ወደ መሐል አገር ዕቃ የሚመጣው በግመልና በበቅሎ ነበር። በንጉሡ ዘንድ ታማኝ የነበሩት ስዊሳዊው መሐንዲስ ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ ከፈረንሳዊው ከሙሴ ሌዎን ሸፍኔ ጋራ ሆነው የሐዲድ አሳብ አቀረቡ፤ ዐፄ ምኒልክም በ1886 ዓ.ም. ፈቃዱን ሰጡ። በፈቃዱ ላይ የተመለከተው መንገድ ከጅቡቲ ወደ ሐረር፥ ከሐረር ወደ እንጦጦ፥ ከእንጦጦም በከፋ አድርጎ ወደ ነጭ ዓባይ የሚደርስ ነበር። ስለዚህ ባቡር ዳገታችን ድረስ ባይወጣም የእንጦጦ ስም በመጀመሪያው የባቡር ውል ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ በቆላው አልፎ አዲስ ከተማ ከተቆረቆረበት ከድሬ ዳዋ ደረሰ። የሐረር ተራራ አስቸጋሪ ስለ ነበረ ሐረር ወደ ጎን ቀረች። የመጀመሪያው ኩባንያ በገንዘብ እጦት ከወደቀ በኋላ ሌላ ኩባንያ በ1900 ዓ.ም. በተሰጠ አዲስ ፈቃድ ሥራውን ቀጠለ፤ በ1909 ዓ.ም. ባቡር አዲስ አበባ ገባ። የድንጋዩ ጣቢያ ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። «ለገሃር» የምንለውም ቃል ፈረንሳዮች ጣቢያን «ላ ጋር» ከሚሉት የመጣ ነው። የመንገዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር፥ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ሲሆን፥ ባቡሩ ከባሕር ጠርዝ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣ ነበር።

ይህን ሁሉ ዳገት በመጀመሪያ የወጣው የእንፋሎት ባቡር ነው። የእንፋሎት ባቡር እንደ ትልቅ ጀበና ነው ቢባል ይቻላል፤ እሳቱ ውሃውን ያፈላል፥ እንፋሎቱ ፒስቶኑን ይገፋል፥ ፒስቶኑ መንኰራኵሩን ያዞራል። ነገር ግን ገና ሳይነሣ ለብዙ ሰዓት መሞቅ አለበት፤ በመንገድም ሁሉ ውሃ ይጠጣል። ከጅቡቲ እስከ ድሬ ዳዋ ያለው አገር ደግሞ ለሰውም ለከብትም ውሃ የሚቸግርበት በረሃ ነው። ከዚህም በላይ ከሚያቃጥለው ማገዶ ኃይል ውስጥ ከመቶ 10 እጅ ያህሉን እንኳ ወደ ሥራ አያውለውም፤ የቀረው ጢስና ሙቀት ሆኖ ወደ ሰማይ ይሄዳል። በእንፋሎት ዘመን መንገደኛው ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ በድሬ ዳዋና በአዋሽ እያደረ ሦስት ቀን ይጓዝ ነበር።

የሚያስደንቀው ነገር፥ የእኛ ሐዲድ በጅቡቲ መዘርጋት በጀመረበት ዓመት፥ ማለት እ.ኤ.አ. በ1897፥ በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ከተማ የእንፋሎትን ዘመን የሚያሳልፍ ሞተር ተሠርቶ ተፈተነ። ሠሪው ሩዶልፍ ዲዝል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1858 ከጀርመን ወላጆች በፓሪስ ተወልዶ በሙኒክ የተማረ መሐንዲስ ነበር። የእንፋሎት መኪና ማገዶን በከንቱ ማባከኑ ያናድደው ስለ ነበረ ሌላ ዘዴ ፈለገ።

ዘዴውን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የብስክሌት ጎማ የነፋ ልጅ ሁሉ ፓምፑ በእጁ ላይ እንደሚሞቅ ያውቃል፤ አየር ሲታመቅ ይሞቃልና። ዲዝል አየሩን በጠንካራ ሲሊንደር ውስጥ እጅግ አጥብቆ አመቀው፤ በጋለው አየር ላይ ነዳጅ ሲረጭበት ያለ ክብሪትና ያለ ብልጭታ በራሱ ነደደ። ይህ የአውግስቡርግ ሞተር ከነዳጁ ኃይል ውስጥ ከመቶ ወደ 26 እጅ ለሥራ አዋለ። ዲዝል ግን የድካሙን ፍሬ ብዙ ሳያይ እ.ኤ.አ. በ1913 በመርከብ ወደ እንግሊዝ ሲሄድ በባሕር ላይ ጠፍቶ ሞተ። ዛሬ ስሙን የማይጠራ ነጂ የለም።

ይህን ሞተር በባቡር ላይ ለማዋል የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራም ከእኛ ታሪክ ጋራ በአጋጣሚ ይገናኛል። የመጀመሪያው የዲዝል ሎኮሞቲቭ ዲዝል ራሱ ካለበት ማኅበር ወጥቶ፥ የበርሊኑ ቦርሲግና በስዊስ አገር በቪንተርቱር ከተማ ያለው የሱልዘር ፋብሪካ ተባብረው የሠሩት ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 የተፈተነውም ከቪንተርቱር ወደ ሮማንስሆርን በሚሄደው ሐዲድ ላይ ነበር። በዚህ ሐዲድ ላይ ፍራወንፌልድ የምትባል ከተማ ትገኛለች፤ እርሷም የሙሴ ኢልግ የትውልድ ከተማ ናት። ሙሴ ኢልግ በዚያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ። የኢትዮጵያን ሐዲድ ያሳሰቡት ሰው በተወለዱበት ከተማ አጠገብ፥ በኋላ በዚያው ሐዲድ ላይ የሚመጣው የባቡር ዓይነት ለመጀመሪያ ጊዜ አለፈ ማለት ነው።

ሙከራው ግን አልተሳካም። ምክንያቱም ሞተሩ ከመንኰራኵሩ ጋራ በቀጥታ ተያይዞ ስለ ነበረ ነው። የእንፋሎት ባቡር ከቆመበት ቀስ ብሎ መነሣት ይችላል፤ የዲዝል ሞተር ግን አስቀድሞ መዞር ካልጀመረ ኃይል የለውም። ሸክም ተጭኖበት ከቆመበት ይነሣ ዘንድ በሞተሩና በመንኰራኵሩ መካከል አስታራቂ ያስፈልጋል። መሐንዲሶች ሁለት ዓይነት አስታራቂ አገኙ። አንደኛው ኤሌክትሪክ ነው፤ ሞተሩ ዲናሞ ያዞራል፥ ከዲናሞው የሚወጣው ኃይል በመንኰራኵሮቹ አጠገብ ያሉትን የኤሌክትሪክ ሞተሮች ያሽከረክራል። ሁለተኛው ዘይት ነው፤ ሞተሩ አንዱን መዘውር ያዞራል፥ መዘውሩ ዘይቱን በኃይል ይወረውራል፥ የተወረወረውም ዘይት ፊት ለፊት ያለውን ሁለተኛ መዘውር ይገፋል። የውሃ ወፍጮ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ልዩነቱ በጅረት ፋንታ ዘይት፥ በወፍጮ ድንጋይ ፋንታ መንኰራኵር መኖሩ ነው።

ጀርመኖች የዘይቱን መንገድ መረጡ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የምዕራብ ጀርመን ምድር ባቡር ከእንፋሎት ለመላቀቅ በተነሣ ጊዜ፥ እ.ኤ.አ. በ1953 ፋው 200 የተባለውን ለፈጣን የመንገደኛ ባቡር አዘጋጀ። ይህ ሎኮሞቲቭ ውብና ብርቱ ነበር፤ ነገር ግን ሁለት ሞተር ስለ ነበረው ጥገናው እጥፍ ነበር። ስለዚህ ቀጥሎ በአንድ ሞተር ብቻ የሚሠራ፥ ቀን ሰው ጭኖ ሌሊት ዕቃ የሚጎትት ሎኮሞቲቭ ታሰበ። እርሱም ፋው 160 ነው።

የፋው 160 የመጀመሪያዎቹ አሥር ሎኮሞቲቮች ከእ.ኤ.አ. 1960 ጀምሮ ለሙከራ ወጡ። በሥራው ዋነኛ የሆነው የክሩፕ ፋብሪካ ነበር። የሞተሩ ኃይል 1,900 የፈረስ ጉልበት፥ ፍጥነቱ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው። የመጀመሪያዎቹ ፊታቸው ክብ ክብ ስለ ነበረ የባቡር ሠራተኞች በኢጣሊያዊቷ የፊልም ተዋናይ በጂና ሎሎብሪጂዳ ስም «ሎሎ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ከሙከራው በኋላ በብዛት ተሠርተው ቁጥራቸው 224 ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ስማቸው ተለውጦ ክፍል 216 ተባሉ። የአውሮፓ ክረምት ብርቱ ስለ ሆነ መንገደኞች እንዳይበርዳቸው በሎኮሞቲቩ ውስጥ ሠረገላዎቹን የሚያሞቅ የእንፋሎት ማፍያ ነበረበት።

ከዚህ አንድ ሎኮሞቲቭ አንድ ቤተሰብ ተወለደ። ከወንድሞቹ ሁሉ የታወቀው ክፍል 218 ነው፤ እርሱም በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፥ ሠረገላዎቹንም በኤሌክትሪክ ያሞቃል፥ ቁጥሩም ወደ 400 ደርሷል። አንዳንዶቹ ከ50 ዓመት በላይ አገልግለዋል። የምዕራብ ጀርመን ምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1977 የመጨረሻውን የእንፋሎት ባቡር ከሥራ ሲያሰናብት ከባዱን ሸክም ከተረከቡት አንዱ ይህ ቤተሰብ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ልቤን የነካው የፈረስ ጉልበቱ ቁጥር አይደለም። ጀርመኖች ሎኮሞቲቩን ሲያስቡ ጠጋኙን ጭምር አስበው መሥራታቸው ነው። ሁለት ሞተር በአንድ ተተካ፤ የቤተሰቡ አባሎች እርስ በርሳቸው ተቀራራቢ ሆነው ስለ ተሠሩ አንዱን የተማረ መካኒክ ሌላውን ለመማር አልተቸገረም። እነዚያ ሎኮሞቲቮች ረጅም ዕድሜ ያገኙት ብረታቸው ከሌላው ብረት ስለ በለጠ ብቻ አይመስለኝም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በሐዲዳችን ላይ ያለ እንፋሎት የሚሄድ ባቡር የታየው በጠላት ወረራ ዘመን ነው፤ ኢጣሊያኖች ሊቶሪና የሚባሉትን የፊያት የመንገደኛ ባቡሮች አመጡ። ከነፃነት በኋላ፥ ከ1940ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዲዝል ሎኮሞቲቮች እየመጡ እንፋሎቱን ተኩ። በመጀመሪያ የመጡት የስዊስ ሥራ ሲሆኑ የተሠሩትም በዚያችው በቪንተርቱር ነው፤ በኋላም የፈረንሳዩ የአልስቶም ፋብሪካ ሎኮሞቲቮች ተከተሉ። የእኛዎቹ እንደ ጀርመኖቹ በዘይት ሳይሆን በኤሌክትሪክ አስታራቂነት የሚሠሩ ነበሩ። ሥራቸው ግን አንድ ነው፤ ሰውንም ዕቃንም ያመላልሱ ነበር። ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር ይወርዳል፥ የፋብሪካ ዕቃ ወደ ደጋ ይወጣል፥ መንገደኛውም ከነጓዙ ይሳፈራል። በበረሃ ውሃ መለመን ቀረ።

በ1952 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በፈረንሳይ መካከል በተደረገ ውል የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። የጥገናው ልብ ግን የድሬ ዳዋው ወርክሾፕ ነበር። በዚያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ብረት መቁረጥን፥ ማቅለጥን፥ ሞተር መፍታትንና መግጠምን ተምረዋል፤ ፈረንሳይኛንም ከሙያው ጋራ ቀስመዋል።

በሠፈራችን በኮተቤ የሚኖሩ አንድ አዛውንት በወጣትነታቸው በዚያ ይሠሩ ነበር። ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ ከቤታቸው ሄጄ፥

«አባባ፥ የሞተርን ሕመም እንዴት ታውቁት ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ከግድግዳ ላይ አንድ ረጅም ካቻቢቴ አወረዱና ጫፉን በጠረጴዛው ላይ፥ እጀታውን በጆሮአቸው ላይ አደረጉ። «እንዲህ አድርገን እናዳምጠው ነበር። ሐኪም የሰው ደረት እንደሚያዳምጥ ነው» አሉኝ።

«ታዲያ አንድ መኪና የሚሞተው መቼ ነው?» ብላቸው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «ልጄ፥ መኪና በአንድ ቀን አይሞትም። ዛሬ አንድ ብሎን ይላላል፥ ነገ አየዋለሁ ይባላል። ነገ ሌላ ሥራ ይመጣል። የሚሞተው በዚያ ነገ በተባለው ቀን ነው» ብለው መለሱልኝ።

ይህ ንግግራቸው ከመጽሐፉ ሁሉ የበለጠ አስተማረኝ። ምክንያቱም የሐዲዳችንን ድካም ስመለከት ከአንድ ቀን አደጋ ይልቅ የብዙ ዓመት መከራ ሆኖ አገኘሁት። ወደ አሰብ የሚወስደው የመኪና መንገድ ዕቃውን ተሻማ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ድልድዮች ፈርሰው መንገዱ ተቋረጠ። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኛ ባቡር በመጠምዘዣ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ይህ በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ ከከፉት አንዱ ሆኖ ይቆጠራል፤ የሞቱትን ነፍስ ይማር። ከዚያ በኋላም ሐዲዱ እያረጀ፥ መለዋወጫ እየጠፋ፥ ጥገናው እየቀረ ሄደ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬ ዳዋ ያለው አገልግሎት ቆመ። እኔ ከዳገቱ ላይ ሆኜ ልሰማው ያልቻልሁት ያ ድምፅ ይህ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው፥ «የናፍጣ ዘመን አልፎአል፤ ዛሬ ባቡር በኤሌክትሪክ ነው፤ ስለ አሮጌ ሞተር ማንሣት ምን ይጠቅማል?» ይሉኛል። እውነት አላቸው፤ ዘመኑ ተለውጦአል። በሠፈራችን በኩል የሚያልፈው የከተማ ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚደርሰው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። ናፍጣን ከባሕር ማዶ በውድ ዋጋ ከመግዛት በወንዞቻችን ኃይል መጓዝ ትልቅ ዕድገት ነው። እኔም ጢሱ ይመለስ አልልም።

ነገር ግን የከተማው ባቡር በ41 ባቡሮች ሥራ ከጀመረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት መቆማቸው በጋዜጣ ተነግሮአል። ስለዚህ ናፍጣው በኤሌክትሪክ ቢለወጥም የአዛውንቱ «ነገ» አብራን አለች። ማገዶው እንጨት ይሁን፥ ከሰል ይሁን፥ ናፍጣ ይሁን፥ የውሃ ኃይል ይሁን፥ መኪናው የሚኖረው በሚጠግነው ሰው ልክ ነው። ዐፄ ምኒልክ ሐዲድ ለማምጣት ብርቱ ድካም ደከሙ፤ ያለፉት መንግሥታትም ሎኮሞቲቭ ገዙ። መኪና በገንዘብ ይገዛል፤ መካኒክ ግን በገበያ አይሸጥም፥ በትምህርት ቤትና በወርክሾፕ ይፈጠራል እንጂ።

በዚህ ነገር ከመንግሥትና ከኩባንያ ይልቅ የምወቅሰው እኛን ተማሪዎችን ነው። በክፍላችን ውስጥ ወደ ፊት ምን መሆን እንደምንፈልግ በተጠየቅን ጊዜ ሐኪም፥ ጠበቃ፥ ነጋዴ ያልን ብዙዎች ነን፤ ሞተር ጠጋኝ እሆናለሁ ያለ አንድ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላልሁም። እጃችን በዘይት እንዳይጠቁር እንፈራለን። ድሮ አንጥረኛውን ቀጥቃጭ፥ ሸማኔውን ቁጢት በላ እያሉ መስደብ ልማድ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል። ስድቡ ከአፋችን ቢጠፋም ከልባችን መጥፋቱን እጠራጠራለሁ። ሩዶልፍ ዲዝል ራሱ ከመሐንዲስነቱ በፊት በፋብሪካ ውስጥ እጁን አቆሽሾ የሠራ ሰው ነው።

ክቡራን ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ሬዲዮ ፈቶ ቢበትን ከመቆጣታችሁ በፊት መልሶ ይገጥመው እንደ ሆነ እዩት። ክቡራን መምህራን ሆይ፥ ከጥቁር ሰሌዳው ላይ ያስተማራችሁንን የሙቀትና የግፊት ሕግ በአንድ አሮጌ ሞተር ላይ ብታሳዩን ከልባችን አይጠፋም። ጓደኞቼ ሆይ፥ ከመካከላችን ጥቂቶች እንኳ ካቻቢቴውን ከጆሮአቸው ላይ አድርገው ማዳመጥ ቢማሩ፥ ከእንጦጦ ላይ ቆሞ የሚያዳምጥ የሚቀጥለው ዘመን ልጅ ዝምታ አይሰማም።

እኔም ይህን ጽሑፍ ከጀመርሁ ወዲህ አሳቤን ለውጫለሁ። ፈተናዬን በደኅና ካለፍሁ የሜካኒክ ትምህርት ለመማር ቈርጫለሁ፤ ለአዛውንቱም ነግሬአቸው ያንን ረጅም ካቻቢቴ ሊሰጡኝ ቃል ገብተውልኛል። በጽሑፌ ውስጥ ስሕተት የተገኘ እንደ ሆነ አንባብያን በይቅርታ እንዲያርሙኝ እየለመንሁ፥ ትምህርት ቤታችንን ለሌላ ብዙ የበዓል ዓመት ያድርስልን በማለት እፈጽማለሁ።

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ